ሴረሙ ፎርጅድ ሳይሆን አየር ገብቶበት ይሆናል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፊት ላይ የሚቀባ የቫይታሚን ሲ ሴረም ገዝቶ በሁለተኛው ወር የሻይ ቀለም ያለው ፈሳሽ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ነው። ገበያው ላይ ፎርጅድ የለም አንልም። ቡኒ የሆነ ሴረም ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛ ሴረም ነው። እንዲያውም መበላሸቱ ራሱ ውስጡ አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ ራሱ) እንደነበረ ይጠቁማል። ጥፋቱ ያለው ጠርሙሱ፣ የመጣበት መንገድና የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው።

አስኮርቢክ አሲድ በዱቄትነቱ ብርቱ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይደክማል። ኦክስጅን ሲያገኘው መጀመሪያ ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ይሆናል፤ እስከዚህ መመለሻ አለው። ቀጥሎ ግን ውኃው ራሱ ይሰብረዋል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም። ቢጫውና ቡኒው ቀለም የሚመጣው ከስብርባሪው ነው። ከስብርባሪዎቹ አንዱ ኤሪትሩሎዝ ነው፤ ፀሐይ የመታው ለመምሰል በሚቀቡት ክሬም ውስጥ የሚገባ ስኳር ነው። ያረጀ ሴረም ጣትንና የትራስ ልብስን ብርቱካንማ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ የሚያፋጥኑት ሙቀት፣ የአሲድነት መቀነስ፣ እንዲሁም በጣም ጥቂት ብረትና መዳብ ናቸው። የዱክ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም ሼልደን ፒኔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት አስኮርቢክ አሲድ ቆዳ ውስጥ በደንብ የሚገባው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ3.5 በታች ሲሆን ነው። መጠኑም ከ20 በመቶ ካለፈ ትርፍ የለውም። ስለዚህ «30 በመቶ» የሚል ጽሑፍ ዋጋ መጨመሪያ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ጥቁር ወይም ቡኒ ብርጭቆ ብርሃንን ይከለክላል፤ አየርን ግን አይከለክልም። ገዢው ሁሉ የጠርሙሱን ቀለም ሲያይ ክዳኑን ይረሳል። የ15 በመቶ ሴረም ያለበት 30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲጋመስ ከላይ 15 ሚሊ ሊትር አየር ይተኛል፤ ከዚያ ውስጥ ኦክስጅኑ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሁሉም ቢዋጥ የሚያበላሸው ከ20 እስከ 45 ሚሊ ግራም ነው፤ የቀረው ሴረም ውስጥ ደግሞ 2,250 ሚሊ ግራም አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ከዚህም ሩብ ያህል ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የገባ አየር እንግዲህ አይገድልም። የሚገድለው ጠዋትና ማታ መከፈቱ፣ ከዚያም የማንጠባጠቢያውን ጎማ ፈሳሹ ውስጥ እየጨመቁ አረፋ ማስነሣቱ ነው። ጎማውን ውጭ ጨምቀው፣ ቱቦውን አስገብተው፣ ቀስ ብለው ይልቀቁት። የተረፈውን ሲመልሱ አረፋ አያስወጡ። አንገቱ ላይ የደረቀውን ቡኒ ቅርፊት በንጹሕ ሶፍት ይጥረጉ።

ምርጫ ካለ ማንጠባጠቢያ (ድሮፐር) ሳይሆን አየር የማያስገባ ፓምፕ ይሻላል፤ ከታች ያለው ክዳን ወደ ላይ እየወጣ ፈሳሹን ይገፋል እንጂ ባዶ ቦታ አይተውም። አፉ ላይ የምትቀረው ጠብታ ግን ትበላሻለች፤ ለቀናት ሳይጠቀሙ ከቆዩ የመጀመሪያዋን ይድፏት።

መጠኑም ይታሰብ። አራት አምስት ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር አራት ወር ይሄዳል። የተከፈተ ሴረም ግን ከሦስት ወር በኋላ አይታመንም። 15 ሚሊ ሊትሩን መግዛት ውድ ቢመስልም የሚጣል ነገር የለውም። በቀን ሁለቴ መቀባትም አያስፈልግም፤ ቆዳ ውስጥ የገባው አስኮርቢክ አሲድ ግማሹ እስኪቀንስ አራት ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

በነገራችን ላይ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ጠርሙስ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት «ፍስ» ብሎ ቢተፋ ፈልቶ አይደለም። እዚያ ባሕር ጠረፍ ላይ የታሸገው አየር እዚህ ሲደርስ ይነፋል። ቀና አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መክፈት ነው።

ቀለም ብቻውን ይሸውዳል። ፌሩሊክ አሲድ (ቫይታሚኑን ከመበላሸት የሚጠብቅ ቅመም) ያለበት ሴረም ከፋብሪካው ሲወጣም ፈዛዛ ቢጫ ነው፤ ሆን ብለው ብርቱካንማ ቀለም የሚጨምሩበትም አሉ። ከቀለም የሚሻል፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ከፋርማሲ 10 በመቶ ቤታዲን ይግዙ፤ ሳሙና ያለበትን ሳይሆን ለቁስል የሚቀባውን። በነጭ ሲኒ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ ውኃ ያድርጉና አንድ ጠብታ ሴረም ይጨምሩ። ከዚያ ቤታዲኑን ጠብ፣ ጠብ እያደረጉ እያማሰሉ ይቁጠሩ። ቫይታሚኑ እስካለ ድረስ ቡኒው ወዲያው ይጠፋል፤ ቢጫው ሳይጠፋ የቀረበት ጠብታ ላይ ቆጠራው ያበቃል። ትኩስ የ15 በመቶ ሴረም 20 ጠብታ ገደማ ያጠፋል፣ የ10 በመቶው 14 ገደማ። የጠብታ መጠን ስለሚለያይና እንደ ፌሩሊክ አሲድ ያሉ ሌሎች አንቲኦክሲዳንቶች ቁጥሩን ስለሚያሳድጉ የጎረቤትን ቁጥር ከራስዎ ጋር አያወዳድሩ። በከፈቱበት ቀን የወጣውን ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ጽፈው፣ በየወሩ በዚያው ማንጠባጠቢያ ይድገሙት። ከሦስት እጅ አንዱ ከሄደ ፊት ላይ መቀባቱን ይተዉት። ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት፣ ማግኒዚየም አስኮርቢል ፎስፌትና አስኮርቢል ግሉኮሳይድ የሚል የተጻፈባቸው ሴረሞች በዚህ አይፈተኑም። እነሱ ከአስኮርቢክ አሲድ የበለጠ የሚቆዩ ዓይነቶች ናቸው፤ ለሞቃት አገር ሰው ብንመርጥ እነሱን ነው የምንመርጥ።

ማስቀመጫው ፍሪጅ ነው፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፤ በሩ ላይ ወይም በረዶ ቤቱ ውስጥ አይሁን። ለጥቂት ሰዓት መብራት ቢሄድ ፍሪጁን አለመክፈት ይበቃል። መታጠቢያ ቤት ከሁሉም የባሰ ቦታ ነው።

ቤት ውስጥ መቀመምም እየተለመደ ነው፤ ችግሩ የሚዋጥ ወይም የሚመጠጥ ክኒን ፈጭቶ መበጥበጡ ነው። ክኒኑ ውስጥ ማጣበቂያ፣ ቀለምና ስኳር አለ። የግድ ካሉ 1 ግራም ንጹሕ የአስኮርቢክ አሲድ ዱቄት በ9 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይሟሟ፤ የቧንቧ ውኃ ብረትና ክሎሪን ይዞ ይመጣል። እንዲሁ ቢቀቡት ፒኤቹ 2 አካባቢ ስለሆነ ያቃጥላል። 0.05 ግራም ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) ሲጨመር ወደ 3.2 ይጠጋል፤ በፒኤች ወረቀት ይረጋገጥ። ይህን የሚመዝነው የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ነው፤ በማንኪያ አይገመትም። የብረት ማንኪያም አይንካው። መጠበቂያ ስለሌለው ሳምንት ሲሞላው ይደፋ።

የቀረው የነጋዴው ድርሻ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር መበላሸቱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ጂቡቲ ላይ በበጋቸው በ45 ዲግሪ አንድ ወር የቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሴረም፣ በ25 ዲግሪ ከ4 እስከ 9 ወር እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በአየር ማስመጣት፣ ካልሆነም ጭነቱን ከኅዳር እስከ ጥር ማድረግ ይሻላል። አስመጪው የምርት ቀኑን ይጠይቅ፤ ማብቂያ ቀን ብቻውን አይበቃም። ደንበኛውም ሳጥኑ ላይ ያለው 09 ሴፕቴምበር እንጂ ግንቦት እንዳልሆነ ይወቅ፤ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል ላይ ያለው «6ኤም» ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ስድስት ወር ማለት ነው።

ሱቆች ሴረሙን መስኮት ላይ የሚደረድሩት ዓይን እንዲስብ ነው። ዓይን የሚስበው ሳጥኑ ስለሆነ ባዶውን ሳጥን መስኮቱ ላይ ያቁሙት፤ ጠርሙሱን ቀዝቃዛው ጓዳ ያስገቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
በመዋቢያ ቅመማ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
አዲስ አበባ