ከፈረስ ጉልበቱ በፊት አየሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ፈጣን መኪኖች ስትጽፉ እባካችሁ የፈረስ ጉልበትን ብቻ አታስቀድሙ። በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ 525 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በጉልበት የሚበልጡት ብዙ ናቸው። የሚለየው የአየር አያያዙ ነው። በሦስት ራዲያተሮች ፋንታ አንድ ትልቅ ራዲያተር አፍንጫው ውስጥ ዘንበል ብሎ ተገጠመ። የፊት ሻንጣ ቦታው ጠፋ፤ በግራና በቀኝ የተለቀቀው ስፍራ ግን ለተንቀሳቃሽ ክንፎች ዋለ። በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ አየሩ በ860 ኪሎ ግራም ወደ አስፋልቱ ይጫነዋል።

ወደ መወዳደሪያ መም የሚወስደው ሰው አስቀድሞ የፍሬን ዘይቱን ይቀይር። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል። ያን ጊዜ የፍሬን ሸራው አዲስ ቢሆንም መኪናው አይቆምም።