ጊት እምቢ ሲላችሁ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት

ውድ አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ኮዲንግ ለሚማሩ ወጣቶች ስለምትጽፉ ይቺን ብታስገቡልኝ ደስ ይለኛል። እዚህ ባሕር ዳር ኮድ መጻፍ ከጀመሩ ልጆች ጋር ብዙ እውላለሁ። ጊት (የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም) እምቢ ሲላቸው ይናደዳሉ። እምቢ ያለው ግን ለእነሱ ብሎ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች የቦታ ማስያዣ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። ኮሚት ያላደረገው (ጊት ታሪክ ውስጥ ያልመዘገበው) ብዙ ሥራ ይዞ ወደ ሌላ ብራንች (ሌላ የሥራ መስመር) ልሂድ ሲል ጊት አላሳልፍ አለው። ልጁ ጣና ዳር ካፌ ተቀምጦ ስክሪኑን ፎቶ አነሳና ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ወዲያው አንዱ «ሪሴት ሃርድ በለው» አለ፤ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥን ጥሎ ፋይሎቹን ወደ መጨረሻው ኮሚት የሚመልስ ትእዛዝ ነው። ልጁም አለው። ሥራውን ውሃ በላው።

የሚያናድደው ምን መሰላችሁ፣ መልሱ እዚያው ፎቶው ላይ ነበር። ጊት «ብራንች ከመቀየርህ በፊት ለውጦችህን ኮሚት ወይም ስታሽ አድርግ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎለታል። ስታሽ ማለት ያላለቀውን ሥራ ለጊዜው ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው።

«ጊት ላይ ምንም አይጠፋም» የምትባለው ነገር ግማሽ እውነት ናት። ኮሚት የተደረገ ነገር ብራንቹ ቢሰረዝ እንኳ ለጊዜው ሪፍሎግ (ጊት የነበረባቸውን ኮሚቶች የሚይዝበት መዝገብ) ውስጥ ተፈልጎ ይገኛል። ኮሚትም አድም (ለኮሚት ማዘጋጀት) ያልተደረገው ለውጥ ግን ሪሴት ሃርድ ካገኘው አለቀለት። ልጁን የጠቀመው ግማሹን ፋይል ቀደም ብሎ አድ ማድረጉ ነው፤ አድ ሲደረግ ቅጂው ጊት ውስጥ ይቀመጣላ። ባለቤት ያጡ ቅጂዎችን በሚፈልገው ትእዛዝ፣ በ«ጊት ኤፍኤስሲኬ ሎስት ፋውንድ»፣ ፈልገን አወጣነው፣ ግን የፋይሎቹ ስም የለም፣ በምትኩ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ ነው ያለው፣ አንድ በአንድ እየከፈትን ይሄ የዋጋ ገጹ ነው፣ ይሄ የምዝገባው ነው እያልን አመሸን። አድ ያልተደረገው በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ግሩፕ ላይ መልስ የምትሰጡ፣ እባካችሁ መጀመሪያ «ጊት ስታተስ ምን ይላል?» በሉ፤ ኮሚት ያልተደረገውን የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። ምን እንደሚጠፋ ሳታዩ ሪሴት ሃርድ አትዘዙ። ጊት የማያውቃቸውን ፋይሎች የሚሰርዘው ጊት ክሊንም ያው ነው፤ ሰረዝ ኤን (-n) ሲጨመርበት የሚሰርዘውን ያሳያል እንጂ አይነካም።

ስታሽ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ጣጣ አለው። ጊት ገና የማያውቃቸውን አዳዲስ ፋይሎች ሰረዝ ዩ (-u) ካልተጨመረበት አያነሳም። ሲመለስም መልሶ ወዲያው ስታሹን ከሚጥለው ፖፕ ስታሹን የማይጥለው አፕላይ ይሻላል፤ ሁሉም መመለሱን አይቶ ስታሹን መጣል ይቻላል። ደግሞ ስታሹ ያለው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው፣ ተራ ፑሽ (ኮሚቶችን ወደ ሰርቨር መላክ) ይዞት አይሄድም፤ ላፕቶፑ ከተሰረቀ አብሮ ሄደ ማለት ነው። እኔ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አልጠቀምበትም። ሥራው የሚያድር ከሆነ በራስ ብራንች ላይ «ያላለቀ» ብሎ ኮሚት ማድረግ ነው። ኮሚት ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ፑሹ ኔትወርክ ሲመጣ ይደርሳል። ታሪኩ ይቆሽሻል የሚሉ አሉ። ይቆሽሽ፤ ዋናው ብራንች ላይ ከመቀላቀሉ በፊት በስኳሽ ሁሉም ተጨፍልቆ አንድ ኮሚት ይሆናል።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር