ፋሽኑን ተዉትና ዋጋውን እዩልን

ሰላም አዘጋጅ፣ ከባህር ዳር ነው። ባለፈው «ፋሽን የሀገር ልብስን አበላሸው» ያላችሁት ግማሹ ነው የተዋጠልኝ። ጃኖ እኮ ድሮ የመኳንንት ነበር፣ ዛሬ ለጥምቀት ጎረምሳው ሁሉ ለብሶት ይጨፍራል፣ ማን ባህል ጠፋ አለ? እዚህ ከተማችን ያለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራ ነው፣ የእናቶቻችን ነጠላ ራሱ ማጉ በእጅ ይፈተል እንጂ ድሩ ስንት ዘመኑ የፋብሪካ ክር ከሆነ፣ እና አዲስ ነገር መግባቱ አይደለም እኔን የሚያናድደኝ። ጥበቡ በማሽን የታተመበትን ስስ ጨርቅ «የሸማኔ ነው» ብለው በሸማኔ ዋጋ ይሸጡልናል! ገልብጣችሁ እዩት፣ የታተመ ከሆነ ጀርባው ነጣ ይላል። ሕትመት ነው ብለው በዋጋው ይሽጡልን፣ ቶሎ ለሚያድጉ ልጆች እኮ እኔም እገዛለሁ።