የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጎሪላው፣ ነዳጁ እና ከሰሉ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የተከታተለው አንድ ፓርክ ብቻ ነው። ምሥራቅ ኮንጎ ውስጥ፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳ ድንበር ላይ ያለውን ቪሩንጋን። የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ1925 ተከልሎ ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ 100 ዓመት ስለሞላው ነው፤ በአፍሪካ አንጋፋው ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ የመጡት ለጎሪላ ነበር። የተራራ ጎሪላ በመላው ዓለም ከ1,000 ብዙም አይበልጥም። ቁጥሩ ግን ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው፣ ይህን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለተገደሉት ጎሪላዎች አነበብን። ለሥጋ አልነበረም፣ ለሽያጭም አልነበረም። ነገሩ ሲጣራ ከከሰል ንግድ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ጎሪላዎቹ ባሉበት ደን ዛፍ ቆርጦ ማክሰል አይቻልማ!

ከዚያ ወዲያ የክበቡ ወሬ ሁሉ ከሰል ሆነ። ፓርኩ አጠገብ ባለችው በጎማ ከተማ አብዛኛው ሰው የሚያበስለው በከሰል ነው፣ እነሱ ማካላ ይሉታል፤ ብዙው የሚመጣው ከፓርኩ ነው፣ በመንገድ ላይ ደግሞ ታጣቂዎች ይቀርጡበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳ የሸሹ መቶ ሺዎች እዚያ ሲሰፍሩ ደኑ ክፉኛ ተጎዳ፤ ዩኔስኮ ፓርኩን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው በዚያው ዓመት ነው። አንዳንድ ልጆች ከሳዮቹ ይታሰሩ አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ተነስታ «እኛስ ቤት ቡና የሚፈላው በምንድን ነው?» አለቻቸው። ከዚህ በኋላ ያለው ክርክር በሙሉ የተሻለ ሆነ።

ትልቁ ክርክራችን የነዳጅ ነበር። የኮንጎ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 ሠላሳ የነዳጅና የጋዝ ቦታዎችን ለጨረታ አቀረበ፣ ከፊሎቹ ቪሩንጋን የሚነኩ ነበሩ። እኛ ትምህርት በጀመርንበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ላይ፣ የነዳጅ ጨረታው ተሰረዘ። «ሀብታሞቹ አገሮች በነዳጅ አድገው ድሃውን ለምን ይከለክሉታል?» ያሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ማንም ቸል ሊለው አይገባም። እኔ ግን በደቡብ ኮንጎ ያለው የካታንጋ መዳብ ከመቶ ዓመት በላይ ተቆፍሮ ለአካባቢው ድሃ ምን እንደተረፈው እያየሁ የቪሩንጋ ነዳጅ የተለየ ነገር ያመጣል ብዬ አላምንም።

የማምንበት ሌላ ነገር አለ። ፓርኩ ማቴቤ በተባለ ቦታ፣ በሩትሹሩ ወንዝ ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለቤቶችና ለትንንሽ ፋብሪካዎች መብራት ይሸጣል። ጫካውን በጠመንጃ ብቻ ማዳን እንደማይቻል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም፤ ከ200 በላይ ስካውቶች፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂዎች፣ ሞተውበታል እኮ። ጥር ላይ ኤም 23 የተባለው አማፂ ቡድን ጎማን ሲይዝ ልጆቹ በየቀኑ ይጠይቁኝ የነበረው ስለ ስካውቶቹ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ሥራ እዚሁ ሰፈራችን ነው፦ በገበያው የሚሸጠው ከሰል ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚያከስለው፣ መብራት ያላቸው ቤቶችም ለምን ከሰል እንደሚገዙ ሻጮቹንና እናቶችን እንጠይቃለን። መመዝገቢያው መስከረም ላይ ነው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያላችሁ ሁሉ ኑ።