ግልጽ ደብዳቤ፦ እኛ ስንወጣ ክፍሉ አይዘጋ

ይድረስ ለብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የአንድ ዓመት አገልግሎቴን ጨርሼ የተመለስኩት በቅርቡ ነው። ሥራዬ ማታ ማታ ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ እናት ዕድሜ ልካቸውን በጣት አሻራ ሲፈርሙ ኖረዋል። በሦስተኛው ወር ስማቸውን ጽፈው ሲጨርሱ እርሳሱን አላስቀመጡም፤ ከሥሩ የልጆቻቸውን ስም በተራ ጻፉ፤ አንድ ፊደል ሲስቱ ሰርዘው ደገሙት። በማግሥቱ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ክፍላችን የሞላው እንዲህ ነው።

ናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነቷ ካበቃ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ብሔራዊ አገልግሎት ስትጀምር ተመራቂዎቿን ከትውልድ ግዛታቸው ውጭ መደበች፤ ሰው ከሰው እንዲተዋወቅ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቋቋመችው፣ ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ በተባለ የወጣቶች የሥራ ፕሮግራም ደግሞ ዛፍ ይተክሉ የነበሩት ወጣቶች በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር 25ቱ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር። የሁለቱም ትርፍ ከወጣቱ አልፎ ሌላ ቤት ገብቷል። የእኛ ሪፖርት ግን የሚጠይቀን ስንት ሰዓት እንደሠራን ብቻ ነው።

እኔም ሰዓቴን ሞልቼ ወጣሁ። ተተኪ አልመጣም። ቁልፉን ለማን ላስረክብ ብዬ የጠየቅኩት ቢሮ መልስ አልሰጠኝም፤ ክፍሉ ተዘጋ። እኒያ እናት ደውለው «ልጄ፣ አሁን ማን ይከፍትልናል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የምለምንዎ ይህን ነው። በጎ ፈቃደኛ ሲመደብ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከዚያው ሰፈር አንድ ሰው አብሮት ይመደብ፤ አብሮት ያስተምር፣ መዝገቡን ይያዝ፣ ለድካሙም ይከፈለው። አዲሱ ተመዳቢ ደግሞ ነባሩ ከመውጣቱ አንድ ወር ቀድሞ ይድረስ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው በጨለማ ወደ ክፍል የሚመጣው የሚያውቀው፣ የማያሳፍረው ፊት ስለሚጠብቀው ነው። ያ ፊት አዲሱን ሰው ሳያስተዋውቅ ከሄደ አብዛኛው ተመልሶ አይመጣም። ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ በየዓመቱ ከባዶ መጀመርም ወጪ ነው። በሪፖርቱ ቅጽ ላይም አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ በጎ ፈቃደኛው ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ ሥራው አለ ወይ?

የክፍሉ የስም መዝገብ እስካሁን በእጄ ነው። የሚረከበኝ ሰው ይመደብ እንጂ፣ በራሴ ወጪ ሄጄ አስረክባለሁ፤ ተማሪዎቹንም አንድ በአንድ አስተዋውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ በጎ ፈቃደኛ