ለጭላዳ ብስኩት አትወርውሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን! የመስቀል ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ሰሜን ተራሮች ሄደን ነበር፣ ደባርቅ ላይ ስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) ይዘን ሳንቃበር ድንኳን ተክለን አደርን፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል ግን ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ያ ገደል ሲታይ ሁሉም ይረሳል። ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮዎች መሀል ተቀመጥን፣ አንዷ ልጇን አዝላ ልክ ምስር እንደምትለቅም ሴት በሁለት እጇ ሳሩን ነጨት ነጨት እያረገች ትበላለች፣ አጠገቧ ሆነን ምንም አልመሰላትም።

ከዛ አንድ መኪና መጣና ሰዎቹ በመስኮት ብስኩት ከነላስቲኩ ወረወሩላቸው። ወንዶቹ ተናከሱ፣ አንድ ግልገል ላስቲኩን አፉ ውስጥ ከቶ ሲያኝክ አየሁ፣ እውነት ነው ምላችሁ አንጀቴ ነው የተላወሰው። ስካውታችን ሲናገራቸው ስቀውበት ሄዱ።

ጭላዳ እኮ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የለችም፣ ምግቧም በአብዛኛው ሳር ነው። ፓርኩ ራሱ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከመዘገበው በኋላ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው፣ ሀያ አንድ አመት ሙሉ! ለዚህ ብለው ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች የኖሩበትን ቀዬ ለቀዋል፣ እኛ ለሽርሽር የሄድነው አንድ ላስቲክ ኪሳችን መክተት እንዴት ያቅተናል?

መግቢያው ላይ ለየመኪናው የቆሻሻ ከረጢት ተሰጥቶ ሲወጡ ቢፈተሽ፣ ስካውቶቹም የመቅጣት ስልጣን ቢኖራቸው ጥሩ ነበር፣ የሚመለከተው አካል እባካችሁ።

አንባቢያችሁ ከጎንደር