የእንግሊዝኛ ክበብ፦ ዓመቱን ከአንዲት ቃል ጋር

ዘንድሮ ክበባችን የተለመዱትን ነገሮች ሁሉ ሠርቷል፣ የስፔሊንግ ውድድር፣ ድራማ፣ በሚኒ ሚዲያ የሚነበብ ጽሑፍ ምናምን፣ ሁሉም በደንብ ሄዷል። እኔ ግን እዚህ መጻፍ የፈለግኩት ስለ አንዲት ቃል ነው፣ ምክንያቱም ከጥር ወር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከክላስ በኋላ ስንገናኝ ሥራችን በቃ እሷ ሆና ነበር።

ነገሩ የመጣው በመዋጮ ነው። ለፎቶ ኮፒ በየወሩ 10 ብር እናዋጣለን፣ እና አንድ ልጅ ከፍያለሁ አለ፣ ደብተሩ ደግሞ አልከፈለም ይላል፣ ገንዘብ ያዥዋ አለቀሰች እሱም አኮረፈ፣ እኔም ለማን እንደምፈርድ ጨነቀኝ። በዚያው ሳምንት ዲክሽነሪ ስናይ ታሊ የሚል ቃል ላይ ደረስን። ልጆቹ የሚያውቁት አራት ሰረዝ አስምረው አምስተኛውን አግድም ጥለው መቁጠርን ነው፣ ጥንት ግን ታሊ ማለት እንጨት ነበር፣ ከላቲኑ ታሌያ የመጣ ቃል ነው፣ ቁራጭ እንጨት ማለት።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ግምጃ ቤት ኤክስቼከር ይባል ነበር፣ ስሙም የመጣው ሂሳቡን ከሚቆጥሩበት ጠረጴዛ ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተከፋፈለ ጨርቅ ይነጠፍበት ነበርና። ሸሪፍ የሚባሉት የየአውራጃው ሹሞች በዓመት 2 ጊዜ እየመጡ ገንዘብ ያስገባሉ፣ ደረሰኛቸው ታዲያ ወረቀት ሳይሆን የተቀረጸ እንጨት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል አቀራረጹን ጽፎ ትቶልናል፦ ለ1000 ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት ያህል ይቆረጣል፣ ለ100 የአውራ ጣት ስፋት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለ1 ፓውንድ የበሰለ ገብስ ፍሬ ያህል፣ ለፔኒ ደግሞ እንጨት ሳይነሳ ጭረት ብቻ። ከዚያ ቁመቱን ለሁለት ይሰነጠቃል። እጀታ ያለው ረጅሙ ስቶክ ይባላል፣ እሱን ከፋዩ ይወስዳል፣ አጭሩ ፎይል ነው፣ ግምጃ ቤት ይቀራል። አንዱ ወገን ብቻውን አንድ ጭረት ቢጨምር ሲገጣጠሙ ይጋለጣል።

ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ «ቲቸር እኛም እንሥራው» አሉ። መጀመሪያ ባህር ዛፍ አመጡ፣ እርጥብ ስለነበር ሲደርቅ ተጣመመና ግማሾቹ አልገጠም አሉ። ከዚያ የግቢያችን አናጺ ጋሼ አይተውን ጥድ ሞክሩ አሉ፣ ጥድ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል ብለው ራሳቸው ቆርጠው ሰጡን። አንዷ ልጅ ከቤቷ ገብስ በወረቀት ጠቅልላ መጣች፣ ፍሬውን እንጨቱ ላይ አስቀምጣ ዳርና ዳሩን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ በቢላ ስትጎርድ ትንፋሿን ይዛ ነበር፣ እኛም ዝም ብለን ነው ያየናት። እኛ አንድ ገብስ 10 ብር ብለን ተስማማን። ጋሼ መሮውን ጫፉ ላይ አድርገው አንዴ ሲመቱት እንጨቱ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሄደ፣ ስንገጥመው ስንጥቁ ራሱ አይታይም! እኔ 11 ዓመት ሳስተምር አንድ ቃል በእጅ ተይዞ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፎይል የሚለው ቃል ደግሞ ጨርሶ አልጠፋም። በእንግሊዝኛ የቼክና የደረሰኝ ቀሪ ካውንተርፎይል ይባላል፣ እኛ ጉርድ የምንለው ማለት ነው፣ ልጆቹ ጉርድ ሲባል ወዲያው ነው የገባቸው።

የእንጨቶቹ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። ግምጃ ቤቱ እ.ኤ.አ. እስከ 1826 ድረስ ሲጠቀምባቸው ኖሮ ተወ፣ ከዚያ በ1834 ጥቅምት 16 ሁለት ጋሪ ሙሉ አሮጌ ታሊ በጌቶች ምክር ቤት ምድጃ ውስጥ አቃጠሉ፣ እሳቱ ከቁጥጥር ወጣና የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥትን አብዛኛውን ክፍል በላው። ታላቁ አዳራሽ ተርፏል። ይሄን ስነግራቸው ያ ያኮረፈው ልጅ «ለምን ለሰው አልሰጡትም?» አለ። አሁን የፎይል ያዥያችን እሱ ነው።

የዘንድሮ ፎይሎች በካርቶን ሆነው ቤተ መጻሕፍት ካርታዎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ማንም እንዳያነዳቸው ለጽዳት ሠራተኞቹም ነግረናል። የሦስት ልጆች ስቶክ ገና አልመጣም፣ ቤት ፈልጋችሁ ክረምት ሳይገባ አምጡና እንግጠመው።